የኑግና የመጭ ዝምድና

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ መስከረም ሲጠባ በቢጫ አበባ ከሚያሸበርቁት ዕፅዋት አንዱ መጭ ነው። ገበሬው መጭን የሚያውቀው በአረምነቱ ነው፤ ንብ አርቢው ግን ማር የሚገኝበት አበባ መሆኑን ይመሰክርለታል። የዕፅዋት ሊቃውንት ደግሞ የኑግ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ ይመረምሩታል። የዝምድናውም ማስረጃ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ነው።

በማናቸውም ተክል ሴል ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ ክር መሳይ ነገሮች ይገኛሉ፤ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእነዚህ ነው። ኑግ 30፥ መጭም 30 ክሮሞሶም አላቸው፤ እኩሌታው ከአባት፥ እኩሌታው ከእናት የተገኘ ነው። ተክሉ የአበባ ዱቄትና የሴቴውን ዘር በሚያዘጋጅበት ጊዜ ሴሉ ሚዮሲስ የተባለ ልዩ አከፋፈል ያደርጋል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ከአቻው ጋር ይጣመርና 15 ጥንድ ይሆናሉ፤ ቀጥሎም ጥንዶቹ ተለያይተው ወደየወገናቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ ለአበባው ዱቄት የሚደርሰው 15 ብቻ ነው፤ ከሴቴው 15 ጋር ሲገናኝ 30ው ይሞላል።

መጣመሩ ከተሰናከለ ዘር አይገኝም። ለዚህ በቅሎን መመልከት ይበቃል። ፈረስ 64፥ አህያ 62 ክሮሞሶም ስላላቸው በቅሎ 63 ትወርሳለች፤ እነዚህም እንደሚገባ ስለማይጣመሩ፥ እጅግ ከጥቂት እንግዳ አጋጣሚ በቀር፥ በቅሎ አትወልድም። ይሁን እንጂ የቁጥር መተካከል ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም፤ የማይዛመዱ ተክሎችም እኩል ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንት በመቁጠር ብቻ ሳይወሰኑ ሁለቱን ያዳቅሉና የዲቃላውን ሚዮሲስ ይመረምራሉ።

ለዚህም ሥራ ገና ያልፈነዳ እምቡጥ ተቆርጦ በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ድብልቅ ይነከራል፤ ከዚያም የአበባ ዱቄት የሚያዘጋጀው ክፍል ቀለም ገብቶለት በሁለት መስታወት መካከል ይጨፈለቃል። አበባው ከፈነዳ በኋላ ጊዜው ያልፋል። በኑግና በመጭ ዲቃላ ላይ ምርመራው ሲደረግ፥ ክሮሞሶሞቹ በአብዛኞቹ ሴሎች 15 ጥንድ ሆነው ታይተዋል። እንግዲህ ይህ ዲቃላ እንደ በቅሎ መካን አይደለም። ኑግ ከመጭ በገበሬ ምርጫ ተለይቶ የወጣ ሳይሆን አይቀርም የሚለው የሊቃውንት አስተያየትም ከዚህ ኃይል ያገኛል።

ነገሩ ለገበሬው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ኑግ በገዛ ራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ የሚይዘው እጅግ በጥቂቱ ስለ ሆነ፥ ንብ ከሌላ ተክል ታመጣለታለች። በማሳው ውስጥ መጭ አብሮ ሲያብብ ንቢቱ ከሁለቱም ትቀስማለችና ከኑጉ ፍሬ ከፊሉ ዲቃላ ሊሆን ይችላል። የመጭ ፍሬ ከኑግ ያነሰ ስለ ሆነ ወንፊት ይለየዋል፤ ዲቃላው ግን በኑጉ ራስ ላይ ያፈራ በመሆኑ ወንፊትም ዓይንም አይለየውም። ገበሬው በሚመጣው ዓመት ንጹሕ ዘር መስሎት የሚዘራው የተቀላቀለውን ነው።

ስለዚህ መጭን ከማሳው ውስጥና ከዳሩ መንቀል የሚገባው አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ነው፤ ካበበ በኋላ ቢነቀል ንቧ ሥራዋን ፈጽማለች። ለዘር የሚቀመጠውም ኑግ መጭ ከሚበዛበት ዳር ሳይሆን ከመካከል ቢመረጥ ይሻላል።

ነገር ግን መጭን ከአገር ማጥፋት ጥበብ አይደለም። ክሮሞሶሞቹ ከኑግ ጋር የሚጣመሩ እንደ መሆናቸው፥ በመጭ የሚገኝ መልካም ጠባይ በማዳቀል ወደ ኑግ ሊተላለፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማከማቻ የአገሩን ኑግ ሰብስቦ ያኖራል፤ የዱር ዘመዱ ግን በየሜዳውና በየመንገዱ ዳር ራሱን ጠብቆ ይኖራል። በማሳ ውስጥ ጠላት የሆነው ተክል በሜዳው የኑግ መጠባበቂያ ነው።