ወንጭፍ፦ ድንጋዩ ወዴት ይሄዳል?

ማሽላው እሸት ሲይዝ የቆላ ልጅ ውሎው ማማ ላይ ነው። ወፍ ሲያባርር፣ ዝንጀሮ ሲመልስ ይውላል። ጩኸቱ አልበቃ ሲል ወንጭፉን ያነሣል። ስለ እንቅስቃሴና ስለ ጉልበት ለሚማር ተማሪ ከዚህች ዕቃ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

አሠራሯ ቀላል ነው። ከጠፍር ወይም ከቃጫ የተገመደች ሆና መሐሏ ሰፋ ይላል፤ ድንጋዩ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አንደኛው ጫፍ ጣት የሚገባበት ቀለበት አለው። ሌላኛው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተቆንጥጦ ይያዛል። ልጁ ድንጋዩን ጭንቅላቱ ላይ ያዞረዋል፣ ያዞረዋል፣ ከዚያ ቆንጥጦ የያዘውን ጫፍ ለቀቅ ያደርጋል። ወንጭፉ ጣቱ ላይ ይቀራል፤ ድንጋዩ ይሄዳል። ዳዊት ጎልያድን የጣለው በዚሁ መሣሪያ ነው።

ድንጋዩ የሚሄደው ግን ወዴት ነው? ይህን የተጠየቀ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ ውጭ የሚርቅ ቀስት ይሥላል። ሌላው ድንጋዩ ከተለቀቀም በኋላ መዞሩን የሚቀጥል መስሎት ጠምዘዝ ያለ መስመር ያሠምራል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ድንጋዩ የሚሄደው በተለቀቀባት ቅጽበት ፊቱን ወዳዞረበት አቅጣጫ፣ ክቡን ነክቶ በሚያልፈው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሒሳብ አስተማሪዎች ታንጀንት የሚሉት ማለት ነው።

ምክንያቱ ይኸው ነው፦ በመንቀሳቀስ ላይ ያለ ነገር የሚገፋው ወይም የሚስበው ከሌለ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀጥ ብሎ ለመሄድ ጉልበት አያስፈልገውም፤ ለመታጠፍ ግን ያስፈልገዋል። ወንጭፉ ድንጋዩን ያለማቋረጥ ወደ መሐል እየሳበ ያጥፈዋል፤ ሲለቀቅ የሚያጥፈው ያጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1644 ፈላስፋው ዴካርት ይህን ሐሳብ ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገው ወንጭፍን ነው። ኒውተንም በታላቅ መጽሐፉ ወደ መሐል የሚስበውን ጉልበት ሲተረጉም የወንጭፍ ድንጋይን ጠቅሷል።

“ታዲያ እጄን ወደ ውጭ የሚጎትተኝ ምንድን ነው?” የሚል ልጅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ጣቱ የሚሰማው እውነት ነው። እጁ ድንጋዩን ወደ ውስጥ በሳበው መጠን ድንጋዩም እጁን ወደ ውጭ ይስባል፤ ይህ የኒውተን ሦስተኛው ሕግ ነው። ወደ ውጭ የሚጎተተው እጁ ነው፤ ድንጋዩማ ወደ ውስጥ ነው የሚሳበው። ይህን መለየት የቻለ ተማሪ ትልቁን አቀበት ወጥቷል።

እስኪ በቁጥር እንየው። ድንጋዩ 100 ግራም፣ ከእጅ እስከ ድንጋዩ ያለው ርዝመት 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በሰከንድ 2 ጊዜ ሲዞር ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጉልበቱን ለማግኘት ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ፣ በመጠነ ቁሱ አባዝቶ ለርዝመቱ ማካፈል ነው፤ 12.6 ኒውተን ይመጣል። 1 ኪሎ ከ300 ግራም ስኳር የያዘ ፌስታል ጣት ላይ እንደ ማንጠልጠል ነው። ዙሩን በሰከንድ 4 ብናደርገውስ? ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፌስታሉ 5 ኪሎ ገባ። ያቺው 100 ግራም ድንጋይ ናት!

የልጁ ጥበብ ያለው ግን በመልቀቁ ላይ ነው። ዒላማው ፊት ለፊቱ ከሆነ መልቀቅ ያለበት ድንጋዩ ከፊቱ ሲደርስ ሳይሆን በጎኑ ሲያልፍ ነው። በሰከንድ 4 ጊዜ በሚዞር ወንጭፍ ከመቶ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ አቅጣጫው 14 ዲግሪ ያህል ይዛባል፤ 30 ሜትር ላይ ያለ ዝንጀሮን ከ7 ሜትር በላይ ይስተዋል። ማማው ላይ ያለው ልጅ ይህን ያሰላው በጣቱ ነው።

መሞከር የፈለገ ድንጋዩን ትቶ የጨርቅ ኳስ በገመድ ይሰር። ሰው በሌለበት ሜዳ ያዙረውና ይልቀቀው፤ አንድ ጓደኛው ደግሞ ከፎቅ ወይም ከጉብታ ላይ ሆኖ ኳሱ የሄደበትን መስመር ይይለት።