ባት ላይ የተለጠፈው ኮረንቲ

ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ነን እንበል። ተከላካዩ ኳሷን ወደ ውጭ ጠልዞ ሳሩ ላይ ዘጭ ይላል። ባቱን ይዟል። የተጋጣሚ ቡድን አጥቂ ሳይቀር መጥቶ የእግሩን ጣቶች ወደ ላይ ይገፋለታል። ወጌሻውም ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየሮጠ ይገባል። በረዶ፣ ስፕሬይ፣ ትንሽ እሽት እሽት። ካታንጋም ሆነ ሚስማር ተራ ተቀምጦ ኳስ ያየ ሰው ይህን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየ ራሱ ይቁጠረው።

በውጭው ዓለም ግን ወጌሻው ቦርሳ ውስጥ ሌላ ዕቃ ከገባ ሰነባብቷል። በባትሪ የሚሰራ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ማሽን ነው። ከእሱ የሚወጡት ሽቦዎች ጫፍ ላይ ያሉት ተለጣፊዎች ቆዳ ላይ ይደረጋሉ፤ መለስተኛ ኮረንቲ በቆዳ አልፎ ነርቭን ይነካል። በአጭሩ «ቴንስ» ይሉታል። ብዙዎች የሚያውቁት በህመም ማስታገሻነቱ ነው። አሁን አሁን ደግሞ «ደም ያንቀሳቅሳል፣ ድካም ያወጣል» እየተባለ ለስፖርተኞች ይሸጣል። ለመሆኑ እውነት ነው?

ነገሩ አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ፣ እግሩን ሪህ ያሰቃየውን በሽተኛ ኮረንቲ የሚረጭ ዓሣ ላይ አቁሞ፣ እስከ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ እንዲቆይ ያዝዝ ነበር። ዘመናዊው ቴንስ በሳይንስ መሠረት የቆመው ግን እ.ኤ.አ በ1965 ሮናልድ ሜልዛክ እና ፓትሪክ ዎል ህመም ወደ አእምሮ ሲጓዝ አከርካሪ ውስጥ «በር» እንዳለው የሚያስረዳ ሀሳብ ካቀረቡ በኋላ ነው። ኮረንቲው ሌሎቹን ነርቮች ሲቀሰቅስ በሩ ጠበብ ይላል፤ ህመሙም ይቀንሳል።

የደም ዝውውሩ ጉዳይ ሌላ ነው። እግራችን ላይ የወረደው ደም ሽቅብ ወደ ልብ መመለስ አለበት። ልብ ወደ ታች ይገፋል እንጂ ከታች አይስብም። ይህን ሥራ የሚሰራው ባት ነው። በተራመድን ቁጥር የባት ጡንቻ ደም መልሶቹን ይጨምቃል፤ በውስጣቸው ያሉት ክዳኖች ደግሞ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ሐኪሞች ባትን «ሁለተኛው ልብ» የሚሉት ለዚህ ነው። ቁጭ ስንል ይህ ልብ እንደ ተቀያሪ ተጨዋች ወንበሩ ላይ ነው።

ማሽኑ የሚገባውም እዚህ ጋ ነው። ኮረንቲው ጡንቻው ትርር፣ ፈታ እስኪል ድረስ ከተሰጠ ባት ሳይራመድ ይጨምቃል። ለዚሁ የተሠራ «ጌኮ» የሚባል፣ የእጅ ሰዓት የሚያክል የእንግሊዞች መሣሪያ አለ። ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጪ በኩል ይለጠፍና በሰከንድ አንድ ጊዜ ነርቩን ይነካል፤ እግርም ብድግ ብድግ ይላል። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና ተቋም እ.ኤ.አ በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ ደማቸው ሊረጋ ይችላል ተብሎ ለሚፈራላቸውና መድኃኒትም ሆነ ሌላው ዘዴ ለማይሆናቸው ህሙማን መሣሪያውን ደግፏል። ልብ በሉ፣ የተባለው ለህሙማን ነው።

ጡንቻ ሳይነቃነቅ፣ ውርር ብቻ የሚያደርገው ኮረንቲስ? ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቢርገር ካዳ እ.ኤ.አ በ1982 ጣታቸው በቅዝቃዜ የሚነጣና የስኳር ህመም ነርቫቸውን የጎዳ ሰዎች ላይ የደም ስር መስፋት እንዳየ ጽፏል። በጤነኛ ሰው ላይ ግን ውጤቱ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። ጡንቻውን የሚያነቃንቀው ይሻላል።

ታዲያ ተጨዋች ከጨዋታ በኋላ ቢለጥፈውስ? ጥናቶቹ ሲጠቃለሉ የሚሉት ይህንን ነው፦ ዝም ብሎ ከመጋደም ይሻላል፤ የህመም ስሜቱንም ቀነስ ሊያደርግ ይችላል። ሶምሶማ እየሮጡ ከመቀዝቀዝ ግን አይበልጥም። በማግስቱ ፍጥነትና ጉልበት ይመልሳል የሚለው ደግሞ ገና በደንብ አልተረጋገጠም።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው መንቀሳቀስ በማይቻልበት ቦታ ነው። ለምሳሌ ጉዞ። ዋልያዎቹ እ.ኤ.አ በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 ሲረቱ «በሜዳችን» የተባለው ጨዋታ የተካሄደው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር። ስታዲየሞቻችን በካፍ በመታገዳቸው የሜዳ ጨዋታ እንኳ አውሮፕላን ይጠይቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ ደም የመርጋት አደጋን ወደ እጥፍ ያሳድጋል። አደጋው ለጤነኛ ሰው አሁንም ትንሽ ነው፤ ከ6,000 መንገደኛ አንዱን ያህል። ነገር ግን ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ90 የሚበልጥ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። በረኞችና መሀል ተከላካዮች፣ ሰምታችኋል?

«ስፖርተኛን አይነካም» የሚል ካለ ሴሬና ዊሊያምስን ያስታውስ። እ.ኤ.አ በ2011 ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶባት ለህይወቷ አስግቶ ነበር። የማያሚ ሂቱ ክሪስ ቦሽም በዚሁ ጣጣ እ.ኤ.አ ከ2016 ወዲህ ቅርጫት ኳስ አልተጫወተም።

ትልቁ ማስጠንቀቂያም ከዚህ ይመጣል። የባት ህመም ሁሉ የጡንቻ ህመም አይደለም። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላና ሲነኩት ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ማሽኑን መለጠፍም፣ ማሸትም አይፈቀድም፤ የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከተጨመረማ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ልባቸው ላይ መሣሪያ የተተከለላቸውም ያለ ልብ ሐኪም ፈቃድ አይነኩትም። ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ ሰኔ 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ላይ ከወደቀ በኋላ ልቡን የሚጠብቅ መሣሪያ ተገጥሞለታል፤ ዴሊ ብሊንድም እንዲሁ። ከውጪ የሚመጣ ኮረንቲ ያንን መሣሪያ ሊያሳስተው ይችላል። እርጉዝ ሴቶችና የሚጥል በሽታ ያለባቸውም ሐኪም ሳያማክሩ አይሞክሩት። አንገት ፊት ለፊት፣ ደረት ላይና ቁስል ላይ ደግሞ ማንም ቢሆን አይለጥፈውም።

እንግዲህ ማሽኑ ውሸት አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። የሚሰራው እግራችን በነጻ የሚሰራውን ሥራ ነው። አልጋ ላይ ለዋለ፣ ቀዶ ጥገና ለተደረገለት ሰው ባለውለታ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ለሌለው ክለብ ግን መፍትሔው ቅርብ ነው፦ ከጨዋታ በኋላ አሥር ደቂቃ ሶምሶማ፣ አውቶቡሱ ሲቆም ወርዶ መራመድ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦም ተረከዝን ብድግ ዝቅ ማድረግ። ውሃውንም አለመርሳት። ሁለተኛው ልብ ባትሪ አይፈልግም፤ አሰልጣኙ ከወንበር እንዲያስነሳው ብቻ ነው የሚጠብቀው።