ኮከቡን ሸጦ ‹‹ታገሱ›› የሚል ቡድን

ባለፈው ሳምንት ልጄን ለልደትህ ምን ልግዛልህ ብዬ ጠየቅኩት። ‹‹የናሽናልስ ማሊያ›› አለኝ። ‹‹የማን ስም ይጻፍበት?›› ስለው ፈገግ ብሎ፣ ‹‹ስም የሌለበት ይሁን አባዬ፣ ስም ያለበት አይበረክትም›› አለኝ። ሳቅኩ። ማታ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አመሸ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሦስት ማሊያ ተሰቅሏል። አንደኛው ጀርባ ላይ ‹‹ሃርፐር››፣ ሁለተኛው ላይ ‹‹ተርነር››፣ ሦስተኛው ላይ ‹‹ሶቶ›› ይላል። ሦስቱም ዋሽንግተንን ለቀው ከሄዱ ቆይተዋል። ሁለቱ እንዲያውም የተገናኙት የጎረቤት ባላንጣችን በሆነው በፊላደልፊያ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ‹‹ቤዝቦል ለእኛ ምናችን ነው?›› እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ድሮ እንደናንተው ነበርኩ። የሕግ ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ዋሽንግተን ዲሲ ስገባ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የማታ ተረኛነት ነበር። በዚያች ጠባብ ክፍል የነበረችኝ ጓደኛ አንዲት ሬዲዮ ነች። ቤዝቦል ደግሞ ለብቸኛ ሰው የተፈጠረ ጨዋታ ነው። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጊዜ ይጫወታል፤ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ለመልመድ አዳመጥኩ፤ ቀጥሎ ማን እንዳሸነፈ ማወቅ ፈለግኩ፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረውም።

ገናን ለተጫወተ ሰው ዱላና ኳስ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ኳሱ የሚመታው በአየር ላይ ሳለ መሆኑ ነው፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል፣ የመታው ይሮጣል። የቀረውን ዝርዝር ለጊዜው እንተወው። የደጋፊው ብሶት እንዲገባችሁ ከጨዋታው ሕግ ይልቅ የቅጥሩን ሕግ ማወቅ ይበጃል።

ለአንድ መቶ ዓመት ገደማ የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋች ቡድኑን የመምረጥ መብት አልነበረውም። ውሉ ቢያልቅም ቡድኑ ‹‹የኔ ነው›› ብሎ ያስቀረዋል፤ ሲፈልግም ለሌላ አሳልፎ ይሰጠዋል። በ1922 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቤዝቦል በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚካሄድ ንግድ አይደለም በሚል ምክንያት ከፀረ ሞኖፖሊው ሕግ ውጪ አደረገው። ከርት ፍለድ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በ1969 ቡድኑ ሴንት ሉዊስ ሳያማክረው ወደ ፊላደልፊያ ሲያዛውረው ‹‹ዕቃ አይደለሁም›› በሚል መንፈስ አልሄድም አለ፤ ከሰሰም። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። ፍለድ ክሱ በሂደት ላይ እያለ በ1971 ለጥቂት ጨዋታዎች የተሰለፈው እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ለነበረው ሴናተርስ ነው። ያ ቡድንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከተማዋን ትቶ ቴክሳስ ገባ፤ ዋሽንግተን እስከ 2005 ያለ ቡድን ቆየች። ለዚህ ነው የዚህ ከተማ ሽማግሌ ደጋፊ ‹‹ታገሱ›› ሲሉት የሚያኮርፈው።

ፍለድ ቢሸነፍም በሩ ብዙ ሳይቆይ ተከፈተ። በዲሴምበር 1975 አንድ የግልግል ዳኛ ለሁለት ወርዋሪዎች ወሰነላቸው፤ በ1976 ቡድኖቹና የተጫዋቾች ማኅበር ተደራድረው ዛሬም ድረስ የጸናውን መሠረት ጣሉ። አንድ ተጫዋች በዋናው ሊግ ስድስት የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላ በቡድኑ ቁጥጥር ሥር ይቆያል። በአብዛኛው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በዝቅተኛው ደመወዝ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለ ክፍያ ይጫወታል፤ ቀጣዮቹን ሦስት ዓመታት ካልተስማማ ደመወዙን በግልግል ያስወስናል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ነፃ ወጥቶ ለፈለገው ይፈርማል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአውሮፓ እግር ኳስ ክለቡ ተጫዋች ሲሸጥ ረብጣ ገንዘብ ይቀበላል። በቤዝቦል ግን ልውውጡ በዋናነት ሰው በሰው ነው። የስድስት ዓመቱ ሰዓት እያለቀበት ያለን ኮከብ ትሰጣለህ፤ ሰዓታቸው ገና ያልጀመረ ወጣቶች ትቀበላለህ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎበዝ ወጣት ግንባር ላይ ለደጋፊ የማይታይ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ተጽፏል። ሥራ አስኪያጁ ግን ጧት ማታ የሚያነበው እሱን ነው።

አሁን ወደ ራሴ ቁስል ልመለስ። የመጀመሪያው የ2012 ነው። ስቴፈን ስትራስበርግ የሚባል ወርዋሪ ነበረን፤ በጁን 2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን ባዶ እጃቸውን የመለሰ ልጅ። የክርን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ስለነበር አስተዳደሩ ክንዱን ለማዳን ብሎ በሴፕቴምበር ከጨዋታ አስወጣው። ቡድኑ 98 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። በጥሎ ማለፉ ወሳኝ ጨዋታ 6 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 9 ለ 7 ተሸነፈ። ያን ማታ የማቆሚያው ደንበኞች መኪናቸውን ሲያወጡ እርስ በርስ እንኳ አልተነጋገሩም።

ሁለተኛው ብራይስ ሃርፐር ነው። በ2018 ስድስት ዓመቱን ጨርሶ ነፃ ወጣ። ቡድናችን ያቀረበለት የ10 ዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ጉልህ ክፍሉ ለብዙ ዓመታት ዘግይቶ የሚከፈል እንደነበር ተዘግቧል። ፊላደልፊያ በ2019 መጀመሪያ 13 ዓመት በ330 ሚሊዮን አስፈረመው። ያኔ ከአስተዳደሩ ጋር የተጣላሁ ያህል ተሰማኝ። ፈጣሪ ግን ይቀልዳል፤ ቡድኑ ያለ ሃርፐር በዚያው ዓመት ዋንጫ በላ! በሜይ 2019 ከ50 ጨዋታ 31ዱን ተሸንፎ የነበረ ቡድን፣ በኦክቶበር 30 ሂዩስተንን በሰባተኛው ጨዋታ 6 ለ 2 ረትቶ የመጀመሪያ ወርልድ ሲሪሱን ወሰደ። ልጄ ትከሻዬ ላይ አልቅሶ እንቅልፍ ወሰደው። የሶቶን ማሊያ የገዛሁለት ያኔ ነው፤ ሶቶ 21 ዓመት ከሞላው ገና አምስት ቀኑ ነበር።

እንግዲህ ፍትሐዊ ልሁን። ከዋንጫው በኋላ ሁለት ጀግኖች ነፃ ወጡ፤ ስትራስበርግና አንቶኒ ሬንዶን። አስተዳደሩ ስትራስበርግን በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር አስቀረው፤ ሬንዶንን ደግሞ ኤንጅልስ በተመሳሳይ ዓመትና ገንዘብ ወሰደው። ደጋፊው ‹‹የተሳሳተውን መረጡ›› ብሎ ጮኸ፤ እኔም አብሬ ጮህኩ። ስትራስበርግ ከዚያ በኋላ መጫወት የቻለው በጠቅላላው 8 ጨዋታ ነው፤ በ2024 በይፋ ጡረታ ወጣ። ሬንዶንም ቢሆን በጉዳት ምክንያት በአንድም ዓመት ከ58 ጨዋታ በላይ አልተሰለፈም። የተመረጠውም ያልተመረጠውም ታመመ። ይህን ዕዳ በአስተዳደሩ ላይ ልጫን ብል ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ ነገ የሚሆነውን የሚያውቅ ዳኛ የለምና።

በጁላይ 2021 ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር ባንድ ቀን ወደ ዶጀርስ ሄዱ። ቡድኑ እየተሸነፈ ነበር፤ የሸርዘር ውል ሊያልቅ ነበር፤ ገባኝ። ‹‹ቡድኑን ከሥር እንገነባለን፣ ታገሱ፣ ሶቶ አለላችሁ›› ተባልን። በቀጣዩ ዓመት ለሶቶ 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን ዶላር ቀረበለት። እምቢ አለ። በኦገስት 2 ቀን 2022፣ ነፃ ሊወጣ ከሁለት ዓመት በላይ ሲቀረው፣ ለሳን ዲዬጎ ተሰጠ። ልጄ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። ማሊያውን አውልቆ ሰቀለው፤ ዳግመኛ አለበሰውም።

ብዙ ሰው ሶቶን ‹‹ሆዳም›› አለው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሕግ ያጠና ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ገበያ ውስጥ መግባት ያልተፈቀደለት ሠራተኛ በሰባተኛው ዓመት ዋጋውን ጠየቀ ብሎ ሊቆጣ አይገባም። ፍለድ የከሰሰው ለዚሁ መብት ነው። ደግሞም በዲሴምበር 2024 ሜትስ 15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ሲያስፈርመው፣ እምቢታው ሒሳብ የሚያውቅ ሰው እምቢታ መሆኑ ታየ።

ልውውጡ ራሱስ ከሰረ? አልከሰረም! በሶቶ ምትክ ከመጡት መካከል ሲጄ ኤብራምስ በ2024፣ ጄምስ ዉድና ማኬንዚ ጎር በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጡ። ለአንድ ሰው ሦስት ኮከብ! እንዲህ ያለ ልውውጥ ፈልጎ አይገኝም።

ታዲያ ብሶቱ ምንድን ነው? ብሶቱ የተስፋው ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ‹‹ከሥር መገንባት›› ሁለት ክፍል ያለው ውል ነው። በመጀመሪያው ክፍል ደጋፊው ይከፍላል፤ ኮከቡን ይሰጣል፣ ሽንፈቱን ይውጣል። በ2022 ቡድኑ 107 ጊዜ ሲሸነፍ ውጠናል። በሁለተኛው ክፍል ባለቤቱ ይከፍላል፤ ወጣቶቹ ሲጎመሩ ዙሪያቸውን በልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ይሞላል። እኛ ድርሻችንን ተወጣን። በ2023 ሽንፈቱ 91፣ በ2024 እንደገና 91፣ በ2025 ደግሞ 96 ሆነ። ከዋንጫው በኋላ በነበሩት ስድስት የውድድር ዓመታት ቡድኑ አንድም ጊዜ ከተሸነፈው በላይ አላሸነፈም። ሦስት ኮከብ ይዞ 96 ጊዜ መሸነፍ የወጣቶቹ ጥፋት አይደለም፤ ወጥ ሳይሠሩ እንጀራ ደርድሮ እንግዳ መጥራት ነው።

መንስኤውም ከሜዳው ውጪ ነው። ቡድኑን በ2006 የገዛው የለርነር ቤተሰብ በኤፕሪል 2022 ሽያጭን እያጤነ መሆኑን አስታወቀ፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ አንሸጥም አለ። ሊሸጥ ያሰበ ቤት ባለቤት ጣሪያ አያድስም። ሶቶም ለ15 ዓመት ፈርም የተባለው ነገ አሠሪው ማን እንደሚሆን ባላወቀበት ወር ነው። በጁላይ 2025 ከ2009 ጀምሮ ቡድኑን የመሩት ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ባንድ ቀን ተሰናበቱ። በመስከረም ወራት ግድም ለመሪነቱ ወጣቱ ፖል ቶቦኒ ተመረጠ። ሥራ አስኪያጅ መቀየር ቀላል ነው፤ የባለቤትን ኪስ መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው።

‹‹ሁሉም እንዲሁ ነው›› የሚለኝ አለ። አይደለም። በዚያው ምድባችን ያለውን አትላንታን ተመልከቱ። ሮናልድ አኩኛን በ2019 ገና በ21 ዓመቱ በ8 ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው፤ ኦስቲን ራይሊን በ10 ዓመት 212 ሚሊዮን ያሰረው በኦገስት 1 ቀን 2022 ነው፤ እኛ ሶቶን ከመስጠታችን አንድ ቀን በፊት! ሁሉም ተጫዋች ቀድሞ አይፈርምም፤ ብዙዎቹ ገበያውን መጠበቅ ይመርጣሉ። ቢሆንም የማብቂያው ሰዓት በስድስተኛው ዓመት ደወለ ብሎ መደንገጥና በሁለተኛው ዓመት ገበታ ዘርግቶ መነጋገር አንድ አይደሉም።

ሕግ ስንማር ውል ተዋዋዮቹን ብቻ ነው የሚያስረው ተብለናል። በቡድንና በተጫዋች ውል ውስጥ ደጋፊ ሦስተኛ ወገን ነው፤ ፊርማ የለውም፣ መክሰስም አይችልም። ቲኬቱን የሚቆርጠው፣ ማሊያውን የሚገዛው፣ ልጁን ይዞ ፀሐይ ላይ የሚቀመጠው ግን እሱ ነው። አርሴናል በ2012 ቫን ፐርሲን ለማንቸስተር ዩናይትድ የሸጠ ዕለት አዲስ አበባ ውስጥ ያዘናችሁ ሁሉ ይህ ይገባችኋል። ደጋፊ ኮከብ አይሸጥ አይልም፤ ሲሸጥ የተነገረው ምክንያት እውነት እንዲሆን፣ ቃሉም እስከ መጨረሻው እንዲጠበቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ጄምስ ዉድ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በጁላይ 2024 ነው። በደንቡ ስሌት ነፃ የሚወጣው ከ2030 በኋላ ይሆናል። ይህን ለልጄ በጣቴ ቆጥሬ አሳየሁትና፣ ‹‹ታዲያ የዉድን ስም ላስጽፍልህ? ገና ጊዜ አለው›› አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ‹‹መጀመሪያ እነሱ ያስፈርሙት፤ እኔ ከዚያ አስጽፋለሁ›› አለኝ።

ማሊያውን ገዝቼለታለሁ። ጀርባው ባዶ ነው።