እውነት ወይስ ተረት? ዕፅዋትንና እንስሳትን ለሳይንስ መሳል

ለሳይንስ የሚሳል ሥዕል ምስክር ነው። ቅጠሉ ጠርዙ ልሙጥ ይሁን ወይም ጥርስ ያለው፣ ከወፏ ጣቶች ስንቶቹ ወደ ኋላ እንደሚያዩ ሥዕሉ ይናገራል፤ የተናገረውም እውነት ይሁን ሐሰት ተመርምሮ ይታወቃል። ሙያውን ለመማር ያሰበ ሰው ግን መጀመሪያ የሚደርሰው ተስፋ የሚያስቆርጥ ወይም የሚያዘናጋ ወሬ ነው። የተለመዱትን አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት፦ «የእጅ ስጦታ የሌለው አይሞክረው።»

እውነት፦ የሥራው ትልቁ ክፍል መለካትና መቁጠር ነው። ጀማሪ የቅጠሉን ርዝመትና ስፋት በኮምፓስ ይለካል፤ ልኩን ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል፤ ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ፊት ለፊት ተያይተው ወይስ እየተፈራረቁ እንደወጡ ያጣራል። ሥዕሉ ከእውነተኛው መጠን ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳይ አጭር መስመር ከጎኑ ያሰምራል። ጥላውንም ብርሃን ከላይ በግራ በኩል እንደመጣ አድርጎ ይጥላል፤ የሙያው ልማድ ነውና። ይህ ሁሉ በትምህርት የሚገኝ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊስ ቢሆን ሙያውን የሚቀስመው ከመምህሩ አጠገብ ሆኖ ቀለም እየበጠበጠ አይደል?

ተረት፦ «ያዩትን መገልበጥ ብቻ ነው፤ ሌላ ዕውቀት አይጠይቅም።»

እውነት፦ አደይ አበባን ሳሉ ቢባል ብዙዎቻችን ዙሪያውን ቢጫ ቅጠል ደርድረን መሐሉን በነጥብ እንሞላዋለን። አደይ ግን አንዲት አበባ አይደለችም፤ የጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ናት። መሐል ላይ ነጥብ የሚመስለው እያንዳንዱ አፉ በአምስት የተከፈለ ቱቦ፣ ራሱን የቻለ አበባ ነው። ዳር ላይ ቅጠል የሚመስለውም እንዲሁ አንድ አበባ ነው። ዘመዷ ኑግም የተሠራችው በዚሁ መልክ ነው። ይህን ለማየት አበባዋን በምላጭ ለሁለት ሰንጥቆ በማጉያ መነጽር መመልከት ያስፈልጋል። ነገሩ በዚህም አያበቃም፤ የአደይን ወገኖች አንዱን ከሌላው ለመለየት ፍሬያቸው ትልቅ ማስረጃ ስለሆነ መስከረም ላይ አበባዋን የሳለ ሰው ከረገፈች በኋላም ተመልሶ ፍሬዋን መልቀም አለበት። እጅ የሚስለው ዐይን የጠየቀውን ያህል ነው።

ተረት፦ «ካሜራ እያለ ሥዕል ምን ያደርጋል?»

እውነት፦ ኮሶን ፎቶ ያነሣ ሰው የያዘው አንዱን ዛፍ በአንድ ቀን ነው። ኮሶ ደግሞ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ናቸው፤ የአበባቸው ዘለላ በመልክም በቀለምም ይለያያል። ሠዓሊው ቅርንጫፉን፣ ሁለቱን ዘለላዎች፣ ጎልታ የምትታይ አንዲት አበባና ፍሬውን በአንድ ገጽ ላይ ያገናኛቸዋል፤ ነፍሳት የበሉትን ቅጠል ትቶ ጤነኛውን ይመርጣል። በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው ባለ8 ቅጹ የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የተባለው የዕፅዋት መጽሐፍም ዕፅዋቱን የሚያሳየው በጥቁር ቀለም በተሠሩ የመስመር ሥዕሎች ነው። ካሜራ ይጠቅማል፤ ግን በረዳትነት።

ተረት፦ «ታላቅ ሠዓሊ የሳለው ትክክል ነው።»

እውነት፦ በ1515 እ.ኤ.አ. ከሕንድ የመጣ አውራሪስ ሊዝበን ገባ። ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር ኑረምበርግ ተቀምጦ፣ እንስሳውን በዐይኑ ሳያይ፣ ከተጻፈ ወሬና ከሌላ ሰው ንድፍ ተነሥቶ ሳለው። ቆዳውን እንደ ጥሩር አስመሰለው፤ ትከሻው ላይም የሌለ ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። ሥዕሉ ግሩም ስለነበር ሌሎች ገለበጡት፤ የተገለበጠውም ዳግም ተገለበጠ፤ ስሕተቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በመጻሕፍት ኖረ። ለተማሪ የሚተርፈው ሕግ ይህ ነው፦ ያላዩትን አይሙሉ፤ የጎደለውን ክፍል በነጠብጣብ መስመር ያመልክቱ ወይም ባዶውን ይተዉት።

ተረት፦ «ሙዚየም ውስጥ ያለው ናሙና ይበቃል።»

እውነት፦ ለቅርጽና ለልኬት በጣም ይጠቅማል፤ ቀለም ላይ ግን ያታልላል። ወፍ ስትሞት የዐይኗ፣ የመንቆሯና የእግሯ ቀለም ይደበዝዛል። አሜሪካዊው የወፍ ሠዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ በ1926 እና በ1927 እ.ኤ.አ. ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ቡድን ጋር ኢትዮጵያን ሲዞር ወፎቹን ሜዳ ላይ፣ ገና ትኩስ ሳሉ የሳላቸውም ለዚህ ነው። በ1927 ነሐሴ፣ አገሩ እንደተመለሰ፣ መኪናውን ባቡር ገጭቶት ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን ተርፈው በ1930 ታተሙ። ተክልም ሲደርቅ ቀለሙ ይለወጣል፤ ስለዚህ በወረቀት መሐል ተጭኖ ከመድረቁ በፊት ቀለሙን በማስታወሻ መመዝገብ ግድ ነው።

ተረት፦ «መሣሪያው ውድ ነው።»

እውነት፦ ለመጀመር ኤችቢ እና 2ኤች እርሳስ፣ ለስላሳ ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ ምላጭና 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃሉ። የውሃ ቀለም መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ ይደርሳል።

ሥዕልዎን ለመፈተን ከፈለጉ የተክሉን ስም ሸፍነው ተክሉን ለሚያውቅ ገበሬ ወይም የዕፅዋት ተማሪ ያሳዩት። «ያምራል» ካለዎት ገና ነው፤ ስሙን ከጠራልዎት ግን ሥዕሉ ሥራውን ሠርቷል።