ኔጋቲቩን አትጣሉት

ፎቶ ማጠብ የተማርኩት ሸዋ ሮቢት ነው። ሥራው የሌሊት ሥራ ነበር። የጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠቢያ የሚስማማው 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከጣርማ በር ወርዶ ይፋት ቆላ ለገባ ሰው ደግሞ ቀን ላይ እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ አይገኝም። ውሃው ከሞቀ የፊልሙ ሽፋን ያብጥና በጣት ሲነኩት ይላጣል። ስለዚህ አለቃዬ ውሃውን በእንስራ ያቀዘቅዝ ነበር፤ ጨለማ ክፍል የምንገባውም ከተማው ሲተኛ ነው።

ቀን ቀን ደንበኛ ነው። በገበያ ቀን ጊሌ ጩቤውን የታጠቀ አፋር፣ ከአርጎባ መንደር የመጡ ሽማግሌ፣ ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ጉርድ ፎቶ የፈለገ ተማሪ፣ ሁሉም አንድ አግዳሚ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ኮት የሌለው የፎቶ ቤቱን ኮትና ክራባት ከግድግዳው አውርዶ ይለብሳል።

ሁሉም መዝገብ ላይ ይሰፍራል፦ ቁጥር፣ ስም፣ ቀን፣ የፎቶው መጠን፣ የቅጂው ብዛት፣ ቀብድ፣ ቀሪ። ያው ቁጥር በኔጋቲቩ ኤንቨሎፕና በፎቶው ጀርባ ይጻፋል። ደንበኛው ከዓመታት በኋላ መጥቶ «ይቺን ድገሙልኝ» ቢል የሚያገናኘን እሱ ነው። ያኔ መዝገቡ የሒሳብ ደብተር ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ከኔጋቲቩ እኩል የምሳሳለት እሱ ነው። መዝገቡ ከጠፋ ኔጋቲቩ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የሚናገር የለም።

በአገራችን ስማቸው የሚነሣው የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ናቸው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አፄ ምኒልክን፣ ልጃቸው ቶኒ አፄ ኃይለ ሥላሴን አነሡ። አቶ ሽመልስ ደስታ በንጉሡም በደርግም ዘመን ያነሷቸውን ኔጋቲቮች ለንደን ድረስ ይዘው ሄደው አተረፏቸው። ማሊ ግን የተራውን ሰው ፎቶም እንዲህ ታከብራለች፤ እነ ማሊክ ሲዲቤ በፎቶ ቤታቸው ያነሷቸው ኔጋቲቮች ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. በተጀመረ ሥራ እየተጸዱና እየተመዘገቡ በኮምፒውተር ተቀድተዋል። የይፋት ገበያተኛ ከባማኮ ጎረምሳ በምን ያንሳል?

እኛ ዘንድ ጉዳዩ ከታሪክም ያለፈ ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ሲቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ሰው ልጁን አንጠልጥሎ ነው የወጣው፤ አልበም ማን ያስታውሳል? የሟች እናቱን መልክ ከቤቱ ጋር ያጣ ሰው ምናልባት የቀረችለት ቅጂ በአንድ ፎቶ ቤት ካርቶን ውስጥ ናት።

ካርቶኑም ጊዜ የለውም። ብዙው አሮጌ ፊልም ከአሲቴት የተሠራ ነው። አዲስ ፊልም 21 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ቢቀመጥ እንኳ 40 ዓመት ገደማ ሲሞላው ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ይሸበሸባል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በቆላ ሙቀት፣ ከዚያ እጅግ ይፈጥናል።

ስለዚህ የድሮ ፎቶ ቤት ያላችሁ፣ ወይም ከአባታችሁ የወረሳችሁ፣ ኔጋቲቩን ከፌስታል አውጥታችሁ በወረቀት ኤንቨሎፕ፣ በቤታችሁ ቀዝቃዛ ጥግ አስቀምጡት። የሚሸተውን ከጤነኛው ለዩ፤ ቶሎ መቀዳት ያለበት እሱ ነው። በነጭ ብርሃን ላይ ዘርግቶ በስልክ ማንሳትም ከምንም ይሻላል። የሰው ፊት ነውና ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አደባባይ አታውጡት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ቅርባችን ነውና፣ የሸዋ ሮቢትን፣ የካራቆሬንና የአጣዬን ፎቶ ቤቶች መዝገባቸው ሳይበተን መጥቶ ይጠይቃቸው።