ተጨማሪ መረጃ፦ ከራስ ቆዳ ወደ ልብ የሚመለስ ደም

ደም መልስ ደምን ወደ ልብ የሚመልስ የደም ሥር ነው። ከግንባር ጎንና ከአናት የሚመጣው ደም መልስ በጆሮ ፊት ወርዶ ከመንጋጋ በስተኋላ ያለውን ደም መልስ በመፍጠር ይካፈላል፤ የዚህ የኋላ ቅርንጫፍ ከጆሮ ጀርባ ከሚወርደው ጋር ሲገናኝ የውጭውን የአንገት ደም መልስ ያስገኛል። የሕፃናት የራስ ቆዳ ስስ በመሆኑ እነዚህ ሥሮች ጎልተው ስለሚታዩ፣ የእጅና የእግር ሥር አልገኝ ሲል፣ በጤና ተቋማት ያሉ ባለሙያዎች ግሉኮስና መድኃኒት በእነርሱ በኩል ሊሰጡ ይችላሉ። አንዳንድ ደም መልሶች የራስ ቅልን ዘልቀው የራስ ቆዳን ሥሮች ከአንጎል ዙሪያ የደም መስመሮች ጋር ስለሚያገናኙ፣ ያመረቀዘ የራስ ቁስል ኢንፌክሽኑ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ በፍጥነት መታከም አለበት።

አስተውሉ፦ በመስታወት ፊት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ስትዘምሩ በአንገታችሁ ጎን የሚጎላው ሥር የትኛው ነው?