የልጅ ልጄ ሽቦና የ48 ሰዓቱ ውድድር

በቤታችሁ አጣና ላይ ሽቦ የሚሰቅል፣ ሌሊት በጆሮ ማዳመጫ የባዕድ አገር ድምፅ የሚያደምጥ ወጣት ካለ አትደንግጡ። አማተር ሬዲዮ ይዞት ይሆናል። የልጅ ልጄን የያዘው እሱ ነው። ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት፣ ፈቃድ አውጥተው፣ በአጭር ሞገድ ከዓለም ዙሪያ የሚነጋገሩበት ነው። በአገራችን አምስት ኪሎ ያለው ክበብ ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ ይታወቃል።

ውድድርም አለው። ሲኪው ወርልድ ዋይድ የተባለው የድምፅ ውድድር በኦክቶበር የመጨረሻው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ይካሄዳል። በእኛ አቆጣጠር ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምርና ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያበቃል። ተወዳዳሪዎች መጠሪያቸውንና ሁለት ቁጥር ይለዋወጣሉ። ከእኛ የሚሄደው “59፣ 37” ነው፤ 59 ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል ማለት ሲሆን፣ 37 ኢትዮጵያ ያለችበት ቀጠና ነው። ከሌላ አህጉር ሰው ጋር መገናኘት 3 ነጥብ፣ ከሌላ የአፍሪካ አገር ጋር 1 ነጥብ ያስገኛል። ከኢትዮጵያ የሚጣራ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ ብዙዎች ይሻሙበታል።

አንቴናውን ልጁና ጓደኞቹ በግቢዬ ሠሩት። 142.5ን ለ14.2 ሜጋኸርዝ ሲያካፍሉ 10 ሜትር ገደማ መጣላቸው። የመዳብ ሽቦ አምስት አምስት ሜትር ቆርጠው፣ መሐሉን በፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ለያይተው፣ ገመዱን ከሁለቱ ጫፍ ጋር አገናኙት። በግቢዬ ለማዳመጥ ብቻ ሞከሩትና ለውድድሩ ወደ ክበቡ ወሰዱት።

ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰኞ ጠዋት ፈተና ነበረው። ልጄ፣ “እማዬ፣ ይኼ ልጅ በሽቦ ምክንያት ከትምህርቱ ሊቀር ነው፤ አይሄድም” አለች። እሱም፣ “እማማ፣ ዓመት ሙሉ የጠበቅነው እኮ ነው” እያለ ተማጸነኝ።

ብዙ ዓመት አዳር ተረኛ ሆኜ ሠርቻለሁና አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ “ሁለት ሌሊት ያልተኛች ነርስ መርፌ እንድትወጋህ ትፈቅዳለህ?” ዝም አለ። በውድድሩም ቢሆን እንቅልፍ ያጣ ሰው የተጣሪውን መጠሪያ አሳስቶ ይመዘግባል፤ ይህም ነጥብ ያስቀንሳል። ስለዚህ በሆስፒታል እንደምናደርገው የተረኛ ሠንጠረዥ አወጣን። እያንዳንዱ ጥቂት ሰዓት ይሠራል፣ ለተተኪው በመዝገብ ያስረክባል፣ ይተኛል። የእኛ ልጅ እሑድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አስረክቦ ወደ ቤት ይመለሳል። እናቱም በዚህ ተስማማች።

ቃሉን ጠበቀ። ጃፓንንና ብራዚልን አግኝቶ፣ የመጨረሻውን ሌሊት ለጓደኞቹ ትቶ መጣ። እንደከፋው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ ቢሆንም ራቱን በልቶ ተኛ፣ ጠዋትም ፈተናው ላይ ተቀመጠ።

ለወላጆችና ለአያቶች የምመክረው ይህን ነው። ሽቦው ከኤሌክትሪክ መስመር እጅግ ይራቅ፤ መብረቅ ባለበት ሰዓት ማንም አይንካው፤ በሚያስተላልፍበት ጊዜም አንቴናው ያቃጥላልና እጅ አይቅረበው። የማዳመጫው ድምፅ ይቀነስ። ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ አይቻልምና ልጁን ወደ ክበብ ምሩት። ከመከልከላችሁ በፊት ደግሞ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንድ ሰዓት አዳምጡ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እንቅልፍና ስለ ጥናት የምትሉትን ይሰማችኋል።